ሀጂን «አቶ» ያላቸው አዲሱ ሻጭ

ኮምቦልቻ ውስጥ ዘይት፣ ሳሙና፣ ፓስታና ዱቄት በጅምላ የሚያከፋፍል አንድ ድርጅት የሽያጭ ክፍል በምመራበት ጊዜ የታዘብኩት ነገር ቢኖር፣ ሥራችን ከመጋዘኑ ይልቅ በሱቅ ደጃፍ ላይ የሚወሰን መሆኑን ነው። ዕቃውን ማንም አከፋፋይ ያመጣዋል፤ ዋጋውም ቢለያይ የሚለያየው በጥቂት ብር ነው። የደሴ፣ የሐይቅ፣ የሐርቡና የባቲ ባለሱቆች ከእኛ ይግዙ ወይስ ከሌላው የሚለውን የሚቆርጠው በአብዛኛው አይሱዙው ሲቆም ከጋቢናው የሚወርደው ሰው ነበር። ዱቤውም ቢሆን የሚሰበሰበው በዚሁ ሰው ፊት ነው። ነጋዴ እጅ ሲያጥረው መጀመሪያ የሚከፍለው ለሚያፍረው ሰው፣ መጨረሻ የሚከፍለው ደግሞ ደስ ለማይለው ሰው መሆኑን የሒሳብ ክፍላችን መዝገብ በግልጽ ያሳይ ነበር።

በዚህ መስመር ላይ አዲስ የተመደበው ሻጭ አዲስ አበባ ያደገና በማርኬቲንግ የተመረቀ ወጣት ነው። ከተፈጥሮው ዓይነ አፋር እንደሆነና ይህንን ለማሸነፍ ብዙ እንደደከመ ራሱ አጫውቶኛል። ማታ ማታ በስልኩ ስለ ተግባቢነትና ስለ ተወዳጅነት የሚያስተምሩ ቪዲዮዎችን እያየ፣ የሰማውን በደብተር እየጻፈ፣ ጠዋት መስታወት ፊት ይለማመዳል። የሰውየውን ስም በንግግርህ መካከል ደጋግመህ ጥራ፣ ዓይኑን እያየህ አናግር፣ ቀድመህ ፈገግ በል፣ የሚወደውን ነገር አድንቅ፣ ስለ ቤተሰቡ ጠይቅ የሚሉ ምክሮች ናቸው። ብዙዎቹ አሜሪካዊው ዴል ካርኔጊ እ.ኤ.አ. በ1936 ባሳተመው መጽሐፍ ለዓለም ካዳረሳቸው ጋር የሚመሳሰሉ ሲሆኑ፣ በራሳቸው ክፉ ምክሮች አይደሉም። ሆኖም የተጻፉት ሰውን በስሙ መጥራት መቅረብን በሚያሳይበት አገር ለሚኖሩ ሰዎች ነው። እኛ ዘንድ ታላቅን ሰው የሚያቀርበን ስሙ ሳይሆን ከስሙ ፊት የምናኖረው ወይም ስሙን ጨርሶ የምንተካበት መጠሪያ ነው።

ነገሩ የተፈጠረው ደሴ፣ ከሰኞ ገበያ ብዙም በማይርቅ አንድ ሱቅ ውስጥ ነው። የሱቁ ባለቤት መካ ደርሰው የተመለሱ፣ ከድርጅታችን ጋር ረጅም ዘመን የሠሩና የዱቤ ቀናቸውን አሳልፈው የማያውቁ አዛውንት ሲሆኑ፣ ትልቁም ትንሹም፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም «ሀጂ» ብሎ ነው የሚጠራቸው። ወጣቱ በደንበኞች መዝገብ ላይ የሰፈረውን ሙሉ ስማቸውን በቃሉ ይዞ ገባና እጁን ዘርግቶ፣ «አቶ» ብሎ ስማቸውን ከነአባታቸው ጠርቶ፣ ስለ እርስዎ ብዙ ሰምቻለሁ አላቸው። ሱቅዎ ያምራል ሲልም «አቶ» ብሎ ስማቸውን ጠራ፤ አዲሱን ሳሙና አይተውታል ወይ ሲልም ጠራ። በዚህ ሁሉ ዓይኑን ከዓይናቸው ላይ አልነቀለም። የልጅ ልጃቸው ከጓዳ ብቅ ሲል ደግሞ «እንዴት ያለ ቆንጆ ልጅ ነው! ስንት የልጅ ልጆች አሉዎት?» ብሎ ጠየቀ። «ማሻአላህ» ወይም «ያሳድግልዎ» ሳይሉ ሕፃን ማድነቅ፣ በዚያ ላይ ልጅ ማስቆጠር፣ በአካባቢያችን ምን ዓይነት ስሜት እንደሚያሳድር ለአንባቢ ማብራራት የሚያስፈልግ አይመስለኝም።

ሀጂ አልተቆጡም። ሕፃኑን በእርጋታ ወደ ጓዳ መለሱት፤ ለእንግዳው ሻይ አስቀዱለት፤ «አብሽር ልጄ፣ ያለፈው ዕቃ ገና አላለቀም፣ ሲያልቅ እንደዋወላለን» ብለው እስከ ደጃፍ ሸኙት። ወጣቱም ደስ ብሎት ተመልሶ በዕለቱ ሪፖርት ላይ «ከደንበኛው ጋር ጥሩ ግንኙነት ተመሥርቷል» ብሎ ጻፈ። አብሮት የነበረው አንጋፋው ሹፌራችን ግን የመኪናውን ቁልፍ ጠረጴዛዬ ላይ ሲያኖር፣ «ሀጂ እስከ ደጃፍ የሸኙት ሰው ቶሎ እንዲሄድላቸው የሚፈልጉትን ነው፤ የሚወዱትንማ ቁጭ በል ይሉታል» አለኝ።

ስልኩ የተደወለው በማግስቱ ነው። ሀጂ እንደ ልማዳቸው ስለ እናቴ ጤንነት፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ሥራው ሁሉ ጠይቀው ከጨረሱ በኋላ፣ ስልኩን ሊዘጉ ሲሉ ብቻ «ለመሆኑ ያ ልጅ የመጣው ምን ጥፋት ተገኝቶብኝ ነው?» አሉኝ። ምን ማለታቸው እንደሆነ ስጠይቃቸው፣ «እኔን ‹አቶ› ብሎ የሚጠራኝ ደብዳቤ ይዞ የሚመጣ ሰው ብቻ ነው፤ እሱ በየንግግሩ ሲጠራኝ ወረቀቱን መቼ ያወጣው ይሆን እያልኩ ስጠብቅ ዋልኩ» ብለው ሳቁ። ሳቃቸው ግን ጉዳዩን አላቀለለውም፤ በዚያ ሰሞን ትእዛዛቸው ከእኛ ወደ ሌላ አከፋፋይ ዞሯልና።

የድርጅቱ ባለቤት ይህን ሲሰሙ ልጁን ወደ መጋዘን እንድናወርደውና በምትኩ የአካባቢውን ተወላጅ እንድንልክ ሐሳብ አቀረቡ። እኔ አልተስማማሁም። ከሻጮቻችን መካከል ደንበኛ ዘንድ ከመሄዱ በፊት ተዘጋጅቶ የሚሄደው እሱ ብቻ ነበር። ደስ ለማሰኘት የሚደክመውን ሰው አቅጣጫ ማሳየት ይቻላል፤ ለመወደድም ለመጠላትም ግድ የሌለውን ግን ማንም አሠልጣኝ አያስተካክለውም፤ እንዲህ ያሉትን በሥራ ዘመኔ በርካታ አይቻለሁ። ስለዚህ ለተወሰነ ጊዜ ሽያጩን ሹፌሩ እንዲይዘው፣ ወጣቱም ካርቶን እያወረደ፣ ደረሰኝ እየቆረጠ፣ ሳይናገር እንዲመለከት ተስማማን። ሹፌሩ ከቋሚ ደመወዙ ሌላ ጥቂት አበል ስለተጨመረለት ሥራውን በደስታ ተቀበለ።

ወጣቱን በጣም የጎዳው ወቀሳው ሳይሆን ከዚያ በኋላ የመጣው ጥርጣሬ ነው፤ በየሱቁ ያናገረው ሰው ሁሉ እንደጠላው አመነ። ይህ ግምት ብዙ ጊዜ ከእውነቱ የከፋ ነው። ኤሪካ ቡዝቢ የተባለች ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተመችው ጥናት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ተገናኝተው ያወጉ ሰዎች ሌላኛው ወገን ምን ያህል እንደወደዳቸው ሲጠየቁ፣ በእርግጥ ከተወደዱት መጠን አሳንሰው እንደሚገምቱ አሳይታለች። እኔም ሌሎቹን ባለሱቆች በስልክ ስጠይቃቸው፣ ገሚሱ «ሰው አክባሪ ልጅ ነው» አሉኝ፤ ገሚሱ ደግሞ ጨርሶ ልብ አላሉትም። ይህን ስነግረው ልብ አለመባሉ ከመጠላቱ ይልቅ አሳዘነው፤ ወጣትነት ነው።

ኮምቦልቻን ከደሴ የሚያገናኘው ወደ 25 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ በሐረጎ ጠመዝማዛ ዳገት ስለሚያልፍ፣ የተጫነ አይሱዙ በዝግታ ነው የሚወጣው፤ ለወጣቱና ለሹፌሩ ሰፊ የጨዋታ ጊዜ ነበራቸው ማለት ነው። ሹፌሩ ትምህርቱን በቃል ማብራራት ስለማይሆንለት፣ ወጣቱ እያየ ጠየቀው፣ እየጠየቀም ጻፈ። በኋላ ደብተሩን ሲያሳየኝ ያነበብኩት በማንኛውም ሥልጠና ላይ ካገኘሁት ይበልጥ የሚጠቅም ነበር።

ሹፌሩ ሱቅ ሲደርስ ወደ ባለቤቱ ቀጥ ብሎ አይሄድም። በመጀመሪያ በረንዳ ላይ ለተቀመጡት፣ ዕቃ ለሚያወርዱት ተሸካሚዎች፣ ሻይ ለምታቀርበው ልጅ ሰላምታ ይሰጣል፤ ባለሱቁ ከውስጥ ሆኖ ድምፁን ስለሚሰማ፣ ተራው ሲደርስ ሰላምታው ከጥቅም የመጣ አይመስለውም። ሰላምታውንም አያሳጥረውም። ለአዛውንት ሲናገር ዓይኑን ጥቂት ዝቅ ያደርጋል፤ ለእኩዮቹ ግን ትከሻ እየመታ ይስቃል። የልጆችን ቁጥር አይጠይቅም፤ ‹ልጆቹ ደኅና ናቸው?› ብሎ በጅምላ ይጠይቃል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ባለቤቱ ራሱ ይነግረዋል። የሚነገረውን አይረሳም። ባለፈው ጉልበታቸውን ያመማቸውን እናት፣ ‹ያ ጉልበትዎ እንዴት ሆነ፣ እማማ?› ይላቸዋል፤ እሳቸውም ስለ ጉልበታቸው ሩብ ሰዓት ያወጋሉ፤ እሱ ይሰማል። የአዲስ አበባው ልጅ ስም በመደጋገም ሊያሳይ የፈለገውን ትኩረት፣ ሹፌሩ ያለፈውን ወሬ በማስታወስ ያሳያል።

ከሁሉ ይልቅ ወጣቱን ያስገረመው ሹፌሩ ምክር የሚለምን መሆኑ ነው። ጣሪያ ለማደስ ያስብ ስለነበር በየሱቁ ስለ ቆርቆሮ ይጠይቃል፤ ባለሱቆቹም ተከራክረው ያማክሩታል፤ በሚቀጥለው ዙር «ጣሪያው የት ደረሰ?» የሚሉት እነሱ ናቸው። ያልሆነ ችግር ፈጥሮ ግን አይጠይቅም፤ ጣሪያው በእርግጥ ያፈስ ነበር። ዕቃ እንደማይወስዱ አስቀድሞ በሚያውቃቸው ሱቆች ፊትም ለሰላምታ ብቻ ይቆማል፤ ነዳጅ ማባከን ነው ብዬ እቆጣው ነበር። ሮበርት ዛዮንክ የተባለው የሥነ ልቦና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1968 ሰው ደጋግሞ ያየውን ነገር ወደ መውደድ እንደሚያዘነብል በጥናት ማሳየቱን አውቃለሁ፤ ሹፌራችን ግን ይህንኑ ‹በማይገዙበት ቀን ካልቆምክላቸው፣ በሚገዙበት ቀን እንግዳ ነህ› በሚል ዐረፍተ ነገር ይጨርሰዋል።

ወጣቱ እንደገና መናገር ሲፈቀድለት ነገሩ ወዲያው አልተቃናም። ከሹፌሩ የተማረውን የማስታወስ ልማድ ይዞ፣ ባለፈው ዙር ልጃቸው የ12ኛ ክፍል ፈተና ልትወስድ እንደሆነ ያጫወቱትን አንድ የኮምቦልቻ ባለሱቅ፣ ደንበኞች በተሰበሰቡበት «የልጅዎ ውጤት እንዴት ሆነ?» ብሎ ጠየቃቸው። ልጅቷ አላለፈችም ነበር። ሰውየው «አልሐምዱሊላህ» ብለው ወሬ ለወጡ። ሹፌሩ በመንገድ ላይ የነገረው አጭር ነገር ነው፤ የደስታ ወሬ በሰው መካከል ይጠየቃል፣ መልሱ ያልታወቀ ወሬ ግን ለብቻ ሲሆኑ፣ ያውም ዙሪያውን ነው የሚጠየቀው። ይህ በወጣቱ ደብተር ላይ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል።

ወደ ሀጂ ሱቅ ለመመለስ የተስማማው ከብዙ ማመንታት በኋላ ነው። ሹፌሩ አስቀድሞ ብቻውን ሄዶ ቡና ጠጥቶ መንገዱን አመቻቸ፤ በሚቀጥለው ጊዜ ወጣቱ ካርቶን ተሸክሞ ከኋላው ገባ። ዕቃውን አስቀምጦ፣ ጎንበስ ብሎ፣ «ሀጂ፣ አፉ በሉኝ፣ የአገሩን ደንብ ሳላውቅ ደፈርኩዎት» አላቸው። ሀጂ ምንም እንዳልተፈጠረ ሆነው፣ «ምን አድርገህ ነው፣ ልጄ? ተቀመጥ፣ ቡናው ደርሷል» አሉት። የመቀመጥ ግብዣው ለሹፌሩ በቂ ማስረጃ ነበር። ያን ቀን ወጣቱ ስለ ሳሙና አንድም ቃል አልተነፈሰም፤ አቦሉንም ቶናውንም ጠጥቶ፣ ሽማግሌው ስለ ድሮው የባቲ የሰኞ ገበያና ከቆላው ስለሚመጡት ግመሎች ሲያወጉ ሰማ፤ ሲነሳም «አላህ ያግራልህ» ተብሎ ተመረቀ። ለዘይት የሚሆን ትእዛዝ የመጣው ከዚያ በኋላ፣ በስልክ ነው፤ ሀጂም ለእኔ ሲደውሉ «ያንን ባለ ደብዳቤ ልጅ ላክልኝ» ማለት ጀመሩ።

ሁሉንም ደንበኛ በአንድ መንገድ መያዝ እንደማይቻል ወጣቱ ያረጋገጠው ደሴ ፒያሳ አካባቢ ባሉ መደብሮች ነው። የእነዚህ ሱቆች ባለቤቶች በአብዛኛው በእሱ ዕድሜ ያሉ ወንዶችና ሴቶች ስለሆኑ፣ በሹፌሩ ስልት «እህት ዓለም፣ ቤተሰቡ ደኅና ነው?» ሲላቸው በሳቅ ይፈነዳሉ፤ በስማቸው ሲጠራቸው፣ ዓይናቸውን እያየ ሲቀልድና አዲስ የደረደሩትን መደርደሪያ ሲያደንቅላቸው ግን ወዲያው ይግባባሉ። የቪዲዮዎቹ ትምህርት እዚያ በሚገባ ይሠራል። ስለዚህ በደብተሩ ላይ ደንበኞቹን በሁለት ከፍሎ መዝግቧቸዋል፤ አሁን አዲስ ሻጭ ሲቀጠር ደብተሩን ገልብጠን እንሰጠዋለን፤ ሹፌሩም ቢሆን ወደ ፒያሳ ሱቆች ሲደርሱ ጋቢናው ውስጥ ቀርቶ ወጣቱን ብቻውን ይልከዋል።