ኦንሼፕና ፊውዥን ሲያስቸግሩ፦ ከምጣድ መቀመጫው ሥራ የተገኘ ልምድ

ኦንሼፕና ፊውዥን የሚሠራ ዕቃን በኮምፒውተር ላይ የምንስልባቸው ሶፍትዌሮች ናቸው፤ ኦንሼፕ የሚሠራው በብራውዘር ውስጥ ነው። ለዚህ ዙር መለማመጃ የተያዘው የኤሌክትሪክ ምጣድ መቀመጫ ነው። አራት እግር ከ30 በ30 ቱቦላሬ፣ ዲያሜትሩ 600 ሚሊ ሜትር የሆነ ክብ ላሜራ፣ ከ2 ሚሊ ሜትር ላሜራ የሚታጠፉ አራት መያዣዎች፣ ላሜራው ላይ 48 የአየር ቀዳዳዎች። ቅርጹ ቀላል ስለሆነ ችግር ሲመጣ ምንጩን ለይቶ ለማየት ይመቻል።

ኦንሼፕ ሲንቀራፈፍ ሁሉም ሰው ኔትወርኩን ይወቅሳል፤ ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የግራፊክሱ ነው። ስሌቱን የሚሠራው ሰርቨሩ ሲሆን ብራውዘራችን የሚቀበለው ተሰልቶ ያለቀውን ቅርጽ ነው። ያንን ስክሪን ላይ የሚያዞረው የራሳችን ኮምፒውተር ነው። ስለዚህ ምንም ከመነካካት በፊት ሞዴሉን በማውስ ማሽከርከር። እየተቆራረጠ ከዞረ ችግሩ እዚሁ ጠረጴዛው ላይ ነው። ያለችግር እየዞረ ፊቸር (ሞዴሉን የሚገነባ አንድ እርምጃ፣ ለምሳሌ ቀዳዳ) ሲጨመር ብቻ የሚቆይ ከሆነ ደግሞ ወይ የኢንተርኔት መስመሩ ወይ ፊቸሩ ነው።

ለመጀመሪያው፣ ክሮም ውስጥ ሴቲንግ ከዚያ ሲስተም ገብቶ የግራፊክስ አክስለሬሽን ማብሪያው መብራቱን ማየት፣ ከዚያም ክሮምን ሙሉ በሙሉ ዘግቶ መክፈት። በአድራሻ መስመሩ ላይ chrome://gpu ተብሎ ሲጻፍ በሚከፈተው ገጽ ዌብ ጂ ኤል የሚለው መስመር «ሶፍትዌር ኦንሊ» ካለ ግራፊክስ ካርዱ እየሠራ አይደለም፤ ሸክሙ ሁሉ ፕሮሰሰሩ ላይ ነው። ያኔ ድራይቨሩን ማደስ ነው። ሁለት ግራፊክስ ያለው ላፕቶፕ ከሆነ ዊንዶውስ ላይ ሲስተም፣ ዲስፕሌይ፣ ግራፊክስ ገብቶ ክሮምን ሃይ ፐርፎርማንስ ላይ ማድረግ። ይህን ሳያዩ የዳታ ፓኬጅ ማሳደግ ገንዘብ ማባከን ነው።

ፊቸሩ ከሆነ የፊቸር ዝርዝሩ አናት ላይ ያለችው የሰዓት ምልክት እያንዳንዱ ፊቸር ስንት ጊዜ እንደወሰደ ታሳያለች። የምጣድ መቀመጫው ላይ የከበደው የቀዳዳው ስኬች (ጠፍጣፋው መነሻ ሥዕል) ነው፦ 48ቱን ክብ ስኬች ውስጥ ማባዛት ስኬቹን ያደክመዋል። አንድ ቀዳዳ ብቻ ስሎ፣ ከስኬች ወጥቶ በሰርኩላር ፓተርን (ፊቸርን በክብ ዙሪያ በሚደግመው መሣሪያ) ማባዛት ይሻላል። ፊሌት (የጠርዝ ማክበቢያ) ሁሉ መጨረሻ ላይ ይግባ።

ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ሌላ ነገር አለ፤ ኪቦርዱ አማርኛ ላይ ከቀረ አቋራጭ ቁልፎቹ አይሠሩም። ኤል መስመር፣ ሲ ክብ፣ ዲ ልኬት ማምጣት ሲገባቸው ምንም አይሆንም፤ ሶፍትዌሩ የተበላሸ ይመስላል። የልኬት ሳጥን ውስጥም ነጥቡ በግዕዝ ሥርዓተ ነጥብ ይተካና ቁጥሩ ተቀባይነት ያጣል። ወደ እንግሊዝኛ መመለስ ብቻ ነው።

መስመሩ ራሱ ሲደክም፣ በኮማንድ ፕሮምፕት 50 ፒንግ (መስመሩን የሚፈትን ትንሽ መልእክት) መላክና ስንቱ እንደጠፋ ማየት። ለዚህ ሥራ ፍጥነት ከማነሱ ይልቅ መቆራረጡ ይጎዳል። ደሴ ላይ ጦሳ ተራራ ሥር ባሉ ቤቶች ኢንተርኔት የሚሰጠውን ስልክ መስኮት አጠገብ ማኖር ብቻውን ለውጥ አለው። ሆትስፖቱን በዋይፋይ ከማድረግ በዩ ኤስ ቢ ገመድ ማገናኘት ይረጋጋል፤ መብራት ሲሄድ ራውተሩ ቢጠፋም ላፕቶፑና ስልኩ በባትሪያቸው ይቀጥላሉ። ዊንዶውስ ላይ ግንኙነቱን ሜተርድ (ዳታው የተቆጠረ) ማድረግ አይረሳ፤ አለዚያ አፕዴቱ ፓኬጁን ይበላዋል።

ኦንሼፕ ሴቭ የሚባል ቁልፍ የለውም፤ የተረጋገጠ እርምጃ ሁሉ ታሪኩ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ስኬች ለረጅም ጊዜ ከፍቶ አለመቆየት፤ በየመሀሉ የራይት ምልክቷን ነክቶ መዝጋት። ፊውዥን ሌላ ነው፦ ኮምፒውተሩ ላይ ተጭኖ እዚያው ያሰላል፣ ፋይሉን ነው ክላውድ ላይ የሚያኖረው። ያለ ኢንተርኔት እስከ ሁለት ሳምንት ያሠራል፤ ነገር ግን የሚያስፈልገው ፋይል አስቀድሞ መስመር እያለ ተከፍቶ ኮምፒውተሩ ውስጥ መግባት አለበት። ኢንተርኔት በማይታመንበት አካባቢ የኔ ምርጫ ፊውዥን ነው። ነጻው የግል ፈቃድ በአንድ ጊዜ የሚታረሙ 10 ፋይሎችን ብቻ ይፈቅዳል፤ ያለቁትን ወደ ንባብ ብቻ መቀየር ቦታ ይከፍታል። በሁለቱም ላይ በየሳምንቱ ስቴፕ ፋይል (ሌሎች የዲዛይን ሶፍትዌሮችም የሚያነቡት) አውጥቶ ፍላሽ ላይ ማስቀመጥ፣ ሳይቃጠል በቅጠል ነው።

የኦንሼፕ ነጻ አካውንት ላይ የተሳለ ሁሉ ለዓለም ክፍት ነው፣ ለንግድም አይፈቀድም። የደንበኛ ትእዛዝ እዚያ አይሳል።

አሁን ወደ ላሜራው። መያዣው ከውጭ ሲለካ 50 በ50 የሆነ፣ 90 ዲግሪ የታጠፈ ነው። የውስጥ ራዲየሱ 2 ሚሊ ሜትር፣ ኬ ፋክተሩ (ሲታጠፍ የማይለጠጠውና የማይጨመቀው መስመር ከውስጥ በኩል በስንተኛው የውፍረት ድርሻ ላይ እንዳለ የሚናገረው ቁጥር) 0.44 ከሆነ መታጠፊያው የሚወስደው 1.571 × (2 + 0.44 × 2) = 4.52 ሚሊ ሜትር ነው፤ 1.571 ማለት 90 ዲግሪ በራዲያን ነው። ሁለቱ ቀጥ ያሉ ክፍሎች ከ50 ላይ ራዲየሱና ውፍረቱ ተቀንሰው 46 እና 46፤ ስለዚህ የሚቆረጠው 96.5 ሚሊ ሜትር ነው። 100 ቆርጦ ማጠፍ መያዣውን 3.5 ሚሊ ያስረዝመዋል። ኬ ፋክተሩን ግን ከሶፍትዌሩ አምኖ አለመቀበል። በሚታጠፍበት ማሽን ላይ ከዚያው ላሜራ 100 ሚሊ ሜትር ቁራጭ መሀሉን አጥፎ ሁለቱን ጎን ከውጭ መለካት። የውስጥ ራዲየሱ 2 ሆኖ እያንዳንዱ ጎን 51.8 ከመጣ ኬ ፋክተሩ 0.40 ነው፤ እሱን ሞዴሉ ውስጥ ማስገባት። ይህ የአሥር ደቂቃ ሥራ ስንት ላሜራ ከመጣል ያድናል!

ለፕላዝማ ቆራጭ የሚሄደው ዲ ኤክስ ኤፍ (የጠፍጣፋ ሥዕል ፋይል) ነው፤ ከተዘረጋው ቅርጽ ላይ ይወጣል፣ ከታጠፈው አይደለም። የመታጠፊያ መስመሮቹ ይነሱ፤ አለዚያ ማሽኑ እነሱንም ይቆርጣቸዋል። ችቦው ሲቆርጥ ለሚበላው ስፋት ማካካሻ የሚሰጠው የቆራጩ ፕሮግራም ስለሆነ ስዕሉ ላይ አይጨመር፣ ሁለት ጊዜ ይሆናል። የፋይሉ ስም በላቲን ፊደልና በቁጥር ይሁን፤ የግዕዝ ስም የማያነብ ማሽን አለ። ከመላክ በፊት ቨርዥን (የማይለወጥ የሥራው ቅጂ) ፈጥሮ ያንኑ ቁጥር ፋይሉ ስም ላይ መጻፍ፣ ኋላ የቱ እንደተቆረጠ ለማወቅ።

ከሁሉ በላይ ዩኒቱ። ሚሊ ሜትሩ ኢንች ተብሎ ከተነበበ 600 የነበረው ክብ 15,240 ይሆናል፤ ይህ ወዲያው ይታያል። ትንንሽ ቁርጥራጭ ሲሆን ግን ላይታይ ይችላል። የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ ድረስ ፍላሽ ይዞ ከመሄድ በፊት፣ ያወጡትን ዲ ኤክስ ኤፍ አዲስ ባዶ ዶክመንት ውስጥ መልሶ አስገብቶ አንዱን ልኬት ማንበብ፤ ክቡ 600 ካላለ ፋይሉ አይላክም።