ንፍፊቷ አደገች ወይስ ምስሉ ጠራ?

ጎረቤቴ ጋሼ ለሊምፎማ (የንፍፊት ካንሰር) ሕክምና ህንድ ሁለቴ ተመላልሰዋል። በየጉዞው ፔት የሚባል ምስል ተነስተዋል። የሁለተኛውን ሲዲ ይዘው በተመለሱ ሰሞን፣ ኮዬ ፈጬ ያለው ኮንዶሚኒየማችን አራተኛ ፎቅ ድረስ በእግራቸው ወጥተው በሬን አንኳኩ። «ልጄ፣ አንተ የሆስፒታል ማሽን ጠጋኝ አይደለህ? ይቺን ቁጥር እስቲ እያት።» የአንገታቸው ንፍፊት ኤስዩቪ ከ6.1 ወደ 8.9 ወጥቷል። በሲቲው ግን መጠኗ ያው 11 ሚሊሜትር ነው።

ኤስዩቪ ዕጢው የሳበውን ሬዲዮአክቲቭ ስኳር ከተወጉት መጠንና ከክብደት ጋር አገናዝቦ የሚያሳይ ቁጥር ነው። መጀመሪያ የጠረጠርኩት ሰዓቱን ነው፤ ስኳሩ ዕጢ ውስጥ እየተከማቸ ስለሚሄድ ከተወጋ በኋላ ዘግይቶ ምስል የተነሳ ሰው ቁጥሩ ከፍ ሊል ይችላል። ሁለቱም ሪፖርት ግን ከመርፌው እስከ ምስሉ 60 ደቂቃ ይላል፤ ክብደትና የደም ስኳርም ተቀራራቢ ናቸው።

ሲዲዎቹን ላፕቶፔ ላይ ከፈትኩ። ዳይኮም የሚባለው የሕክምና ምስል ፋይል ምስሉ በምን ዘዴ እንደተሠራም ይዞ ይዞራል። «ሪኮንስትራክሽን ሜተድ» የሚለው መስመር ላይ የመጀመሪያው ኦኤስኢኤም ይላል፤ ሁለተኛው ፒኤስኤፍና ታይም ኦፍ ፍላይት ጨምሮበታል። ለካ ማሽኑ ተቀይሯል!

ፔት እንደ ካሜራ ፎቶ አያነሳም። በተቃራኒ አቅጣጫ ጥንድ ጥንድ ሆነው የሚወጡ ጨረሮችን ይቆጥራል፤ ምስሉ ከዚያ ቆጠራ በስሌት ይሠራል። በ1994 የቀረበው ኦኤስኢኤም ይገምታል፣ ግምቱን ከቆጠራው ጋር ያስተያያል፣ ያርማል፣ ደግሞ ይገምታል። ፒኤስኤፍ ማሽኑ ነገሩን አደብዝዞ እንደሚያይ ቆጥሮ ድብዘዛውን ስሌቱ ውስጥ ይከታል። ታይም ኦፍ ፍላይት ደግሞ ጥንዶቹ ጨረሮች የደረሱበትን የጊዜ ልዩነት ይጠቀማል።

ይህን ከማመኔ በፊት ራሴ ልሞክረው ብዬ በፓይተን ስድስት ክብ ሠራሁ። ስፋታቸው ፋንተም በሚባለው የማሽን መፈተሻ ዕቃ ላይ እንዳሉት ሉሎች 10፣ 13፣ 17፣ 22፣ 28 እና 37 ሚሊሜትር ነው፤ ሁሉም ከዙሪያቸው 4 እጥፍ ይደምቃሉ። እውነቱን ስለማውቀው ማንም ሊያታልለኝ አይችልም፣ ከራሴ በቀር።

የመጀመሪያው ማታ የግምትና እርማቱን ድግግሞሽ 100 አደረግሁት፤ ብዙ ከደገመ ይጠራል ብዬ። ትልቁ ክብ እንኳ ከ5 በላይ አሳየኝ። ደስ ብሎኝ ነበር፣ ሞኝነቴ! ማክስ የሚባለው ልኬት የአንዲት ፒክስል ቁጥር ናት፤ ድግግሞሽ ሲበዛ ኖይዙም (የቆጠራው የዘፈቀደ መዋዠቅ) አብሮ ያብጣል። ሴቭ ሳላደርግ መብራት ሄደ፣ እሱም በጀ።

በማግስቱ ድግግሞሹን ቀንሼ ማለስለሻ ፊልተር ጨመርኩ። 37ቱ ወደ 4 ተጠጋ፤ 10ሩ ግን 3 አልሞላም፣ ድምቀቱ ወደ ዙሪያው ፈስሶበታል። ፒኤስኤፍ ስጨምር ትንንሾቹ ተነሱ፤ 13ቱ እንዲያውም 4ን አለፈ። ስሌቱ ጠርዝ ላይ ከእውነቱ በላይ ይዘላል፤ ዕጢ ትንሽ ሲሆን ከሁሉም ጎን የመጣው ዝላይ መሃል ላይ ይገናኛል።

ማክስን ትቼ ፒክን ልያዝ አልኩ፤ አንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ያህል አማካይ ስለሚወስድ ለኖይዝ አይደነግጥም። ግን የጋሼ ንፍፊት ሙሉ ይዘት 0.7 ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ገደማ ነው፤ ለፒክ አትበቃም። ከጉበት ጋር ላስተያይስ? የሊምፎማ ሐኪሞች በዶቪል መለኪያ ከ1 እስከ 5 ሲመድቡ የሚያመሳክሩት አንዱ እሱን ነው። እዚህ ነው የተሸወድኩት። ጉበት ሰፊ ስለሆነ ፒኤስኤፍ አማካዩን እምብዛም አይነካውም፤ ንፍፊቷን ግን ከፍ ያደርጋታል። ስለዚህ ንጽጽሩም አብሮ ይዛባል።

በመጨረሻ ያዋጣኝ ተራ ነገር ነው፤ አዲሱን ምስል እንደ አሮጌው እስኪደበዝዝ አለሰለስኩት። የአውሮፓው ኧርል ፕሮግራም ማሽኖችን ለማስማማት ከሚቀበላቸው መንገዶች አንዱ ይኸው ነው። 8.9 የነበረው ወደ 6.6 ወረደ።

ለጋሼ «ድነዋል» አላልኩም፤ እሱ የእኔ ሥራ አይደለም። «ሁለቱ ምስሎች የተሠሩበት ዘዴ ይለያያል፤ ጥሬ ዳታው ካለ በመጀመሪያው ዘዴ እንደገና ይሠራልን» የሚል ግማሽ ገጽ ጽፌ ለሐኪማቸው ላኩላቸው። ጥሬ ዳታው ተሰርዟል። ሐኪሙ ግን ቁጥሯን ብቻ ይዞ መድኃኒት ከመቀየር በሦስት ወር እንዲደገም ወሰነ።

ጋሼ «በአሮጌው ማሽን ይሁንልኝ» ብለው ደወሉ። ተነቅሏል አሏቸው።