በ20 ዩሮ የተሳሳተ ኮረብታ

በግሪኳ የባሕር ዳር ከተማ በኪያቶ ያደርኩበት ክፍል ለባቡር ጣቢያው ቅርብ ነው ብዬ ነበር የመረጥኩት። ሌሊቱን ሞተር ብስክሌት ባለፈ ቁጥር መስኮቱ ይንቀጠቀጣል፤ ሞተሩ ሲያባራ ውሻው ይተካል። ከአቴንስ ያመጣኝ ባቡር ላይ ብተኛ ይሻለኝ ነበር።

የመጣሁት ለሦስት ስንኝ ነው። ፕራክሲላ የጥንቷ የግሪክ ከተማ የሲክዮን ሴት ናት፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በአምስተኛው መቶ ዓመት ስትገጥም ኖራ ለእኛ የደረሰን ቁርጥራጭ ብቻ ነው። በአንዱ፣ በአፈ ታሪክ በውበቱ የታወቀው ወጣት አዶኒስ ሞቶ ሙታን ዘንድ ሲደርስ ትተህ ከመጣኸው ሁሉ የሚያምረው የቱ ነው ይሉታል። የፀሐይ ብርሃን፣ ቀጥሎም ከዋክብትና የጨረቃ ፊት ይላል። እዚያ ላይ ቢያቆም ጥሩ ነበር፤ እሱ ግን የበሰለ ኪያር፣ ፖምና ፒር ጨመረበት። ግሪኮች «ከፕራክሲላ አዶኒስ የባሰ ቂል» እያሉ ተሳለቁ። እኔ አልሳቅኩም። ከቤት በወጣሁ በሳምንቴ ከእናቴ ቀድሞ የሚናፍቀኝ የእናቴ ስንግ ቃሪያ ነው።

ጠዋት ከኪያቶ በላይ ኮረብታው ላይ ወዳለው የሲክዮን ፍርስራሽ ታክሲ ያዝኩ። ዳገቱን አስር ደቂቃ ብንሄድ ነው፤ 20 ዩሮ አለኝ። አዲስ አበባ ላዳ ላይ ሃምሳ ብር ለማስቀነስ በሩን ይዤ የምሟገተው ሰውዬ ዝም ብዬ ከፈልኩ። «ወዳጄ፣ ከድንጋይ ሁሉ ሥር ጊንጥ አለና ተጠንቀቅ» የሚለውም የእሷ ነው ይባላል፤ ትዝ ያለኝ ታክሲው ከሄደ በኋላ ነው።

ጥንታዊው ቲያትር ከኮረብታው ተፈልፍሎ የተሠራ ነው፤ ከታች የቆሮንቶስ ባሕረ ሰላጤ ይታያል። ሰው አለመኖሩን አይቼ ሦስቱን ስንኝ ጮክ ብዬ አነበብኩ። ድምፄ ተንቀጠቀጠ፤ እዚህ ተቀምጣ ይሆናል ብዬ ነበራ።

የድሮ የሮማውያን መታጠቢያ ውስጥ ባለው ሙዚየም ግን የጥበቃ ሠራተኛዋ ስሟን ስጠራላት ፈገግ አለች። የመቄዶንያው ጦር መሪ ድሜጥሮስ ፖሊዮርኬጤስ ከተማዋን ወደዚህ ያወጣት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ303 ነው፤ ፕራክሲላ ከኖረች ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ። የእሷ ሲክዮን ታች ሜዳው ላይ ነበረች አለችኝ፤ በጣቷም እንቅልፍ ወዳጣሁበት ወደ ኪያቶ አቅጣጫ አሳየችኝ።

ሥራዋን ስትጨርስ በራሷ መኪና አወረደችኝ። ገንዘብ ባወጣ ተቆጣች። በጥንቱ ቋንቋ ኪያር «ሲክዮስ» እንደሚባል፣ የከተማዋም ስም ከዚያ ጋር እንደሚቀራረብ የነገረችኝ መንገድ ላይ ነው። ሜዳው ላይ ሎሚ ብቻ ነው የታየኝ።

«ኪያሩስ?» አልኳት።

«ገና ሚያዝያ ነው እኮ፤ ሐምሌ ላይ ና።»