ሁለቱን ኪኒኖች አላገናኘኋቸውም

የተፈጥሮ ህክምና ሐኪም ነኝ ስል ብዙ ሰው ቶሎ የሚያስበው ቅጠልና ሥር ነው። እሱም አለ። የቀኔን ትልቁን ክፍል የሚወስደው ግን መጠየቅና መጻፍ ነው። ከአዲስ ታካሚ ጋር ከአንድ ሰዓት በላይ እቀመጣለሁ። ስለ እንቅልፉ፣ ስለ አመጋገቡ፣ ስለ ጭንቀቱ፣ በቤተሰቡ ስላለ በሽታ እጠይቃለሁ። ግፊት እለካለሁ፣ የደም ውጤት አነባለሁ።

ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንዲት እናት መጡ። ድካም ከአልጋ አላስነሳ ብሏቸዋል። ውጤታቸው የብረት እጥረት ስላሳየ አይረን፣ ማለትም የብረት ኪኒን፣ አዘዝኩላቸው። «መቼ ልውሰደው?» አሉኝ። «ጠዋት፣ በባዶ ሆድ» አልኩ። ለአይረን ብቻ ከሆነ ትክክል ነው። ሴትየዋ ግን ለዓመታት የታይሮይድ መድኃኒት፣ ሌቮታይሮክሲን፣ ይወስዳሉ። እሱም ጠዋት በባዶ ሆድ ነው። ካርዳቸው ላይ በራሴ እጅ ጽፌዋለሁ።

ከሁለት ወር በኋላ ሲመለሱ ብሶባቸው ነበር። ብርድ ብርድ ይላቸዋል፣ ሆዳቸው ደርቋል። ቲኤስኤች የሚባለው ምርመራ ከፍ ብሎ መጣ፤ ሰውነታቸው የታይሮይድ ሆርሞን አንሶታል ማለት ነው። ያኔ ነው ክው ያልኩት። ብረት ሆድ ውስጥ ሌቮታይሮክሲንን ይይዘዋል፣ ወደ ደም የሚገባው መጠን ይቀንሳል። በሁለቱ መካከል ቢያንስ 4 ሰዓት መኖር አለበት። ካልሲየምም እንደዚያው ነው። ይህን ተምሬዋለሁ፤ ፈተና ላይ ቢመጣ አልስተውም ነበር።

እንዳለ ነገርኳቸው። «ጥፋቱ የኔ ነው» አልኩ። ትንሽ ዝም ብለው «እንኳን ነገርከኝ ልጄ። ሐኪሜ መድኃኒቱን ሊጨምርልኝ ነበር» አሉኝ። ደነገጥኩ። መጠኑ ቢጨመርና በኋላ አይረኑን ቢያቆሙ ሆርሞኑ ይበዛባቸው ነበር፤ እሱ ደግሞ ልብን ያስቸግራል። በዚያው ቀን ለሐኪማቸው ደብዳቤ ጻፍኩ። አይረኑን ወደ ማታ አዛወርነው። ከ8 ሳምንት በኋላ ሲመረመሩ ቲኤስኤቹ ወደ ቦታው ተመልሷል፤ የመድኃኒቱ መጠን አልተነካም።

ከዚያ ወዲህ «የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» ብሎ መጠየቅ አይበቃኝም። ሰው ቫይታሚንን መድኃኒት ብሎ አይቆጥረውም። ስለዚህ ቤት ያለውን ሁሉ በፌስታል አምጡልኝ እላለሁ። ጠረጴዛ ላይ ዘርግፈን አንድ በአንድ እናያለን። ለፀጉር ተብሎ የሚወሰደው ባዮቲን የታይሮይድ ምርመራን ውጤት ሊያሳስት ይችላል። ለድብርት የሚወሰደው የሴንት ጆንስ ወርት ተክል የወሊድ መከላከያ ኪኒንንና ደም እንዳይረጋ የሚወሰደውን ዋርፋሪንን ያዳክማል። «ተፈጥሯዊ ስለሆነ አይጎዳም» የሚለውን አባባል የማልወደው ለዚህ ነው።

አንዳንዴ ደግሞ ሥራዬ ምንም አለመስጠት ነው። ደረቱን ጨምቆ ለያዘው ሰው ሻይ አላፈላም፤ ወዲያው ድንገተኛ ክፍል እልካለሁ። ያለ ምክንያት የከሳ ወይም ሰገራው ላይ ደም ያየ ሰው ካለ ምርመራው እስኪያልቅ ምንም አልጀምርለትም። ሐኪም ቤት መድረሱንም ደውዬ አረጋግጣለሁ።

እኚያ እናት አሁንም ይመጣሉ። ከፌስታላቸው ጋር አንድ ወረቀት ይይዛሉ፤ የቱን በስንት ሰዓት እንደሚውጡ አብረን የጻፍንበት ነው። አዲስ ነገር ሲታዘዝላቸው መጀመሪያ እሱን ነው የሚዘረጉልኝ።