ገለል ማለት በማይቻልበት መንገድ፦ ከድሬዳዋ ለገሃር እስከ ጁገል

ድሬዳዋን ማየት በማለዳ ነው። ሦስት ሰዓት ካለፈ ፀሐይዋ ሰውን ከጥላ ወደ ጥላ ታባርራለች። ስለዚህ ገና አንድ ሰዓት ሳይሆን ከዚራ የሚባለው ሰፈር ገብቼ በዛፎቹ ሥር ወደ አሮጌው ለገሃር ወረድኩ። የመጣሁት ትናንሽ አገሮች በትላልቆች ጠብ መካከል እንዴት ውለው እንደሚያድሩ በቦታው ላይ ሆኖ ለማየት ነው። ለዚህ ጄኔቭ መሄድ አያስፈልግም፤ ከዚህ ጣቢያ እስከ ሐረር ግንብ ባለው 55 ኪሎ ሜትር ግድም መንገድ ላይ ብዙ የሚታይ አለ። (ዓ.ም. ያላልኩባቸው ዓመቶች፣ ከነወራቸውና ከነቀናቸው፣ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ባቡሩ እዚህ የደረሰው በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ነው። መጀመሪያ የታሰበው ሐረር ሊገባ ነበር፤ ዳገቱ ግን ለኩባንያው አልቀመስ አለና ሐዲዱ ከተራራው ግርጌ ቀረ፤ ድሬዳዋም ተወለደች። ምኒልክ በ1894 ፈቃዱን የሰጡት ለአልፍሬድ ኢልግ ነው፤ አማካሪያቸው የነበረ የስዊዘርላንድ መሐንዲስ። እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣልያን በየበሩ ባሉበት ዘመን ቅኝ ግዛት የሌላትን አገር ሰው አጠገብ ማስቀመጥ ብልህነት ነበር ብዬ አምናለሁ።

አማርኛችን በዚህ ጉዳይ ላይ ሦስት የተለያዩ ነገሮችን «ገለልተኛ» በሚል አንድ ቃል ይጠራል። አንደኛው በውል ወይም በሕግ የታሰረ ቋሚ ገለልተኝነት ነው፤ ስዊዘርላንድ በ1815፣ ኦስትሪያ በ1955 የያዙት። ሁለተኛው በአንድ የተወሰነ ጦርነት ላይ አልገባም ማለት ነው። ሦስተኛው የገለልተኛ አገሮች ንቅናቄ የምንለው፣ በቀዝቃዛው ጦርነት ከሁለቱም ጎራ አይደለንም ያሉ አገሮች ስብስብ ነው። ኢትዮጵያ በ1961 ቤልግሬድ ላይ ከመሥራቾቹ አንዷ ስትሆን፣ አሜሪካኖች በ1953 ውል አስመራ ላይ ቃኘው የተባለውን የጦር መገናኛ ጣቢያ ይዘው ተቀምጠው ነበር፤ የቃኘው ሻለቃም ኮሪያ ዘምቶ ተመልሷል። የንቅናቄው አባልነት ከሕግ ገለልተኝነት ጋር ያለው ዝምድና ይህን ያህል ነው። የሁሉም ሥር «ገለል ማለት» መሆኑ ደግሞ ያሳስታል፤ ዳር ይዞ ዝም ማለት ያስመስለዋል። ሕጉ የሚለው ሌላ ነው።

ሕጉ የ1907ቱ የሄግ ስምምነት ነው። አምስተኛው ስምምነት ስለ የብስ፣ አሥራ ሦስተኛው ስለ ባሕር ይናገራል። ለገሃር ቆሞ ሐዲድ እያዩ ማሰብ የሚሻለው አምስተኛውን ነው፦ ተዋጊ ወገን ወታደርም ሆነ የጥይትና የስንቅ ጭነት በገለልተኛ አገር ምድር ላይ አያሳልፍም። ይህ የተዋጊው ግዴታ ነው። ገለልተኛው ደግሞ እንዲያልፍ ያለመፍቀድ ግዴታ አለበት፤ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚረሱት ይህን ነው። ሸሽቶ የገባ ጦር ካለ ትጥቁን አስፈትቶ፣ ከጦር ሜዳው አርቆ ያቆየዋል። በኃይል ሊገባበት የመጣውን በኃይል ቢመልስ ጠብ እንደጀመረ አይቆጠርበትም። ነጋዴዎች ለተዋጊዎች መሣሪያ እንዳይሸጡ የመከልከል ግዴታ የለበትም፤ ከከለከለ ግን ለሁለቱም ወገን እኩል መከልከል አለበት። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ሐረር ላይ ያገኘናል።

የገለልተኛ አገር ስስ ብልቱ ብዙ ጊዜ መንገዱ ነው። ስዊድን ከ1940 እስከ 1943 ድረስ ኖርዌይ ላይ የሰፈረው የጀርመን ጦር ለፈቃድ ሲሄድና ሲመለስ በባቡሯ እንዲያልፍ ፈቅዳ ነበር። ከወረራ ተረፈች፤ ገለልተኝነቷ ግን ጎዶሎ ነበር። ስዊዘርላንድ በዚያው ጦርነት በአልፕስ ተራሮች ሥር የሚያልፉትን የጎታርድንና የሲምፕሎንን የባቡር ዋሻዎች ለማፍረስ ተዘጋጅታ ተቀመጠች፤ ብትወርሩኝ መንገዱንም አታገኙትም ማለቷ ነው። በ1939 ስትጠራም 430,000 ያህል ወታደር አሰልፋለች፤ ሕዝቧ ያኔ አራት ሚሊዮን ተኩል እንኳ አይሞላም ነበር።

ከዚህ ሐዲድ ጫፍ ያለችው ጅቡቲ የያዘችው ሌላ ዘዴ ነው። ሰኔ 20 ቀን 1969 ዓ.ም. ነፃ ስትወጣ የኦጋዴን ጦርነት ደጃፏ ላይ ነበር። ነሐሴ ላይ የሶማሊያ ጦር ድሬዳዋን አጥቅቶ ተመለሰ፤ የባቡሩ ድልድዮች ፈርሰው መስመሩ ተቋርጦ ነበር። የጅቡቲ ሕዝብ የአፋርና የሶማሌ ነው፤ ኑሮዋ በወደብና በባቡር ነው፤ ወደ አንዱ ብታዘነብል በሌላው ትጎዳለች። ፕሬዚዳንት ሐሰን ጉሌድ አብቲዶን ከሁለቱም ሳይሆኑ የፈረንሳይን ጦር እዚያው አቆዩት። ዛሬ ፈረንሳይ፣ አሜሪካ፣ ጃፓን፣ ጣልያንና ከ2017 ጀምሮ ቻይና ሁሉም ጦር ሰፈር አላቸው። ይህ በሄግ ሕግ ገለልተኝነት አይባልም፤ ገለልተኛ አገር የማንንም ጦር ሰፈር አያስገባም። የጅቡቲ ሒሳብ ሁሉም ቤት ውስጥ ካሉ ማንም ቤቱን አያቃጥልም የሚል ነው። የኪራይ ገቢ አለው፣ ዋስትናም ይሰጣል። የሚበላሸው ተከራዮቹ እርስ በርስ የተጣሉ ዕለት ነው። ሌላም ክፍተት አለ፤ በ1998 የኢትዮጵያ ዕቃ በሙሉ ወደ ጅቡቲ ሲዞር ከኢትዮጵያ ጋር የምትዋጋው ኤርትራ ለኢትዮጵያ አደላሽ ብላ ከሰሰቻት፤ ጅቡቲም በኅዳር ከኤርትራ ጋር ያላትን ግንኙነት አቋረጠች። ንግድ በሕግ የተፈቀደ ቢሆንም፣ የሚዋጋ ሰው ዓይኑ የሚያየው ዕቃው ወደ ማን እንደሚሄድ ነው።

«ሐረር! ሐረር! አንድ ሰው የቀረ!» ይላል ረዳቱ፤ አራት ሰው ሲቀረውም እንዲሁ ነው። ለሚሄድ ሰው፦ ሚኒባሱ በጠዋት ቶሎ ይሞላል፤ መንገዱ ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ይወስዳል። የደንገጎ ዳገት ላይ ጥምዝምዙ ሆድ ለሚያገላብጠው ከፊት መቀመጥ ይሻላል፤ ስካርፍ ቢጤም መያዝ ነው፤ ከ1,200 ሜትር ግድም ተነስቶ 2,000 ሜትር አካባቢ ሲወጣ አየሩ ይለወጣል። ሐሮማያን አልፎ አወዳይ ላይ የጫት ገበያው መንገዱን ሞልቶታል። ከዚህ አካባቢ ጫት በየቀኑ ትኩስ ትኩሱን ወደ ጅቡቲና ወደ ሶማሌላንድ ይሄዳል። ጅቡቲ የኢትዮጵያ በር ናት ስንል በሩ በሁለቱም በኩል እንደሚከፈት የሚያሳየው ይህ ገበያ ነው።

ሐረር ሲደርሱ በመኪና መግቢያው በሐረር በር ገብቶ መሀል አደባባዩ ፈረስ መጋላ ከመቆም ይልቅ ግንቡን በውጭ መዞር ይሻላል። ዙሪያው ሦስት ኪሎ ሜትር ተኩል ቢሆን ነው፤ በዝግታ ሁለት ሰዓት ይበቃል። አሚር ኑር በ16ኛው መቶ ዘመን ያሠራው ይህ ግንብ፣ ጁገል፣ አምስት ጥንታዊ በሮች አሉት፦ ፈላና በር፣ ኤረር በር፣ ሰንጋ በር፣ ቡዳ በርና ሸዋ በር። ሐረሪዎች የራሳቸው ስም አላቸው፤ አሱም በሪ፣ አርጎብ በሪ፣ ሱቅታት በሪ፣ በድሮ በሪ፣ አስመዲን በሪ። እያንዳንዱ በር ወደ አንድ የንግድ አቅጣጫ የተከፈተ ነው። ግንቡ ከአራት ሜትር ብዙም አይዘልም፤ መድፍ ለያዘ ጦር እንቅፋት አይሆንም። ሥራው ማን በየት ገባ፣ ምን ይዞ ገባ የሚለውን ማወቅ ነበር። ሲመሽ በሮቹ ይዘጉና እስኪነጋ ማንም አይገባም፣ አይወጣም ነበር።

ግንቡ ሥር ጎንበስ ብዬ ያየሁት ነገር ደግሞ ወራባ ኑዱል ነው፤ የጅብ ቀዳዳ። ከድንጋዩ መካከል ሆን ተብሎ የተተወ፣ ሰው ቢሞክረው ትከሻው የሚይዘው፣ ጅብ ግን አጎንብሶ የሚያልፍበት ቀዳዳ ነው። ጠርዙ ላይ ያለው ድንጋይ ለስልሷል። ጅቦቹ ሌሊት ገብተው ቆሻሻውን አጽድተው ይወጣሉ። ከተማዋ ጅብን መከልከል አልፈለገችም፤ በዚህ ግባ፣ በዚህ ውጣ አለችው እንጂ።

የሐረር አሚሮች ከ17ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ጀምረው የራሳቸውን ገንዘብ እየቀረጹ በትንሽ መንግሥትነት ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ኖረዋል። መሣሪያቸው በር መቆጣጠር ነበር። የጎደላቸውን ለማየት አራት ዓመቶችን መጥቀስ ይበቃል። በ1875 የግብፅ ጦር በራኡፍ ፓሻ እየተመራ ገባ። በ1885 ግብፆች በእንግሊዝ ውሳኔ ለቀው ወጡ፤ አሚር አብዱላሂ ጥቂት ወታደር ይዘው ብቻቸውን ቀሩ። በ1879 ዓ.ም. በገና ሰሞን ጨለንቆ ላይ ጦርነቱ ሆነ፤ ሐረር በምኒልክ እጅ ገባች። ለብዙ ቤተሰብ ያ ቀን እስከ ዛሬ ሐዘን ነው። አራተኛው እንዲህ ነው፦ በየካቲት 1888 እንግሊዝና ፈረንሳይ ሐረርን ላለመያዝና በጥበቃቸው ሥር ላለማድረግ እርስ በርስ ቃል ተገባቡ። አንድ ትንሽ መንግሥት የሚመኘው ዓይነት ቃል ነው፤ የመጣው ግን መንግሥቱ ከጠፋ አንድ ዓመት አልፎ ነው፤ ሐረርንም የጠየቃት የለም። ዋስትና በሌሎች መካከል የሚጻፍ ከሆነ የሚጻፈው ለጸሐፊዎቹ ጥቅም ነው። የቤልጅግ የ1839 የገለልተኝነት ውል እንኳ፣ የራሷ ፊርማ ያለበት፣ ነሐሴ 4 ቀን 1914 ጀርመን ወደ ፈረንሳይ የምታልፍበት አቋራጭ መንገድ ስትፈልግ አላዳናትም። ለቤልጅግ የተረፋት ነገር ቢኖር ውሉ እንግሊዝን ወደ ጦርነቱ ማስገባቱ ነው።

ከሰዓት በኋላ በመኪና ግርግር የልብስ ስፌት መኪናዎች መካከል አልፌ ቡና ልጠጣ ተቀመጥኩ። እዚህ ከተማ ላይ መጋቢት 20 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣልያን አውሮፕላኖች ቦምብ ጥለዋል። ሐረር ያልተመሸገች ከተማ ተብላ ነበር፤ ቀይ መስቀልም ነበረባት። በዚያው ጦርነት ስዊዘርላንድ ምን አደረገች? የመንግሥታቱ ማኅበር ጣልያንን ወራሪ ብሎ ሲቀጣ፣ እሷ ገለልተኛ ነኝ ብላ መሣሪያ ለሁለቱም እንዳይሸጥ ከለከለች። እኩል ነው፤ ሕጉ የሚለውን አድርጋለች። ጣልያን ግን መድፉንም አውሮፕላኑንም በራሷ ፋብሪካ ትሠራለች፤ ኢትዮጵያ አንዷን ጥይት ሳይቀር የምታስመጣው ከውጭ ነው። አሜሪካም በ1935 ባወጣችው የገለልተኝነት ሕግ ያደረገችው ይህንኑ ነው። በታኅሣሥ 1936 ደግሞ ስዊዘርላንድ የጣልያንን ይዞታ በሕግ አወቀች። ስለ ገለልተኝነት የሚያስተምር ሰው ይህን ምዕራፍ ሲዘል ይከፋኛል። እኩል ክልከላ ባዶ እጁን ያለውንና የታጠቀውን አንድ አያደርጋቸውም፤ ክልከላው ከመታወጁ በፊት ማን ምን አለው ብሎ መቁጠር ያስፈልጋል።

እንግዲህ አንድ ትንሽ አገር ይህን መንገድ ከመረጠ ሥራው በሰላም ጊዜ ነው። ተኩስ ከተጀመረ በኋላ የሚታወጅ ገለልተኝነት ፍርሃት ተብሎ ይነበባል። ኦስትሪያ መጀመሪያ በግንቦት 1955 አራቱን ኃያላን በውል አስወጣች፤ ጥቅምት 26 ቀን ገለልተኝነቷን በራሷ ምክር ቤት በሕገ መንግሥት ደነገገች፤ ከዚያ ለየመንግሥታቱ አስታወቀች። ቅደም ተከተሉ ትርጉም አለው፤ ቃሉ የራሷ ነው፣ እውቅናው የሌሎች። ቱርክሜኒስታን በ1995 በተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ አስጸደቀችው። ላኦስ በ1962 ጄኔቭ ላይ 14 መንግሥታት የፈረሙበት ወረቀት ነበራት፤ ምሥራቅ ድንበሯን የሚጠብቅ ኃይል ግን አልነበራትም። የሰሜን ቬትናም ጦር መንገዱን በዚያ አደረገ፣ የአሜሪካ ቦምብም በዚያ ላይ ወረደ። ነዳጅና እህል ማከማቸት፣ ሰማይን የሚያይ ራዳር፣ ወደብ ካለ የተዋጊ መርከብ ከ24 ሰዓት በላይ እንዳያድር ሰዓት የሚቆጥር መኮንን፣ የሁለቱም ባላንጣ ኤምባሲ ስልክ የሚያነሳ ዲፕሎማት፦ ወጪው ይህ ነው። የማይፈልገው ደግሞ ይተወዋል፤ ፊንላንድ በ2023፣ ስዊድን በ2024 ኔቶ ገብተዋል።

ጨለማ ሲጀምር ወደ ኤረር በር በጠባቡ መንገድ ስወርድ እንጨት የጫኑ ሁለት አህዮች ከፊቴ መጡ። ነጂዋ ሴት «ገለል በሉ!» አለች። ግድግዳው በሁለቱም በኩል ትከሻዬን ይነካል፤ ዳር የሚባል የለም። ወደ ኋላ አሥር እርምጃ ተመልሼ የአንድ ግቢ በር ጥግ ገባሁ፤ በሩ ክፍት ነበር። ጭነቱ ኖራውን እየፋቀ አለፈ፤ ነጂዋም ሳትቆም «ይባርክልን» ብላኝ ወረደች።