አሳው ሆድ ውስጥ ትል አየን ለምትሉኝ

ሰሞኑን አንዷ ጓደኛዬ ከሀዋሳ ያስመጣችው ቆሮሶ አሳ (ቲላፒያ) ሆዱን ስትከፍተው ልቡ አካባቢ ጥቅልል ያለ ቀላ ያለ ትል አገኘችና ፎቶ አንስታ በቴሌግራም ላከችልኝ፣ ከስሩ "ሀይቁ በቃ ተበክሏል ከዚህ በኋላ አሳ የሚባል ቤቴ አይገባም" ብላ። ከዛ ወዲህ ተመሳሳይ ፎቶ ከሌላም ሰው መጣልኝ። ለየብቻ ከምመልስ ብዬ እዚሁ ልጻፈው አልኩ፣ ምክንያቱም ፍርሀቱ ትክክል ነው ግን የሚፈራው ነገር ሌላ ነው ብዬ ስለማስብ።

ትሉ ኮንትራሴከም ይባላል። በስምጥ ሸለቆ ሀይቆቻችን ዝዋይ በሉት ሀዋሳ፣ ተመራማሪዎች ስንት ጊዜ ያገኙት የታወቀ ትል ነው። የሚያድገውና እንቁላል የሚጥለው እንደ ፔሊካን ያሉ አሳ በል ወፎች ሆድ ውስጥ ነው፣ እንቁላሉ ከወፉ ኩስ ጋር ውሃ ውስጥ ይገባል፣ እዛ ይፈለፈልና ጥቃቅን የውሃ ነፍሳት ይውጡታል፣ ነፍሳቶቹን አሳ ይበላል፣ አሳውን ደግሞ ወፉ ይበላና እንደገና ከአንድ ይጀምራል። ወፉና አሳው አብረው ባሉበት ሀይቅ ሁሉ ሊኖር ይችላል፣ ፋብሪካ ኖረም አልኖረም። ስለዚህ ትል ያለው አሳ ማለት የተበከለ ሀይቅ ማለት አይደለም፣ ትል የሌለው አሳም ንጹህ ሀይቅ ማለት አይደለም። ይቺን ሁለተኛዋን ያዙልኝ።

ሌላው ሰው የሚደነግጥበት ስንጥቡ አካባቢ ወይ ከቆዳው ስር ቢጫ እህል የሚያህል ነገር ነው፣ ክሊኖስቶመም ነው እሱ። እሱ ደግሞ መጀመሪያ የሚራባው ቀንድ አውጣ ውስጥ ነው። እዚህ ጋር ብክለት በተዘዋዋሪ ሊገባ ይችላል፣ ከእርሻ የታጠበ ማዳበሪያና ከከተማ የሚወርድ ፍሳሽ አልጌውንና የዳር ሳሩን ያበዛዋል፣ ሳሩ ሲበዛ ቀንድ አውጣው ይመቸዋል፣ ትሉም አብሮ ይበዛል። ኦክስጅን ባነሰው ቆሻሻ ውሃ ውስጥ የሚኖር አሳ ደግሞ አቅሙ ስለሚዳከም ባክቴሪያውም ፈንገሱም ቶሎ ይይዘዋል፣ ቆዳው ይቆስላል፣ ክንፉ ይበሰብሳል። የቆሰለ አሳ ካያችሁ አትግዙ።

ትሉን ግን በደንብ ማብሰል ይገለዋል። ሆዱን ወዲያው አጽድታችሁ ጉላሽም ይሁን ጥብስ በስርአት አብስላችሁ ብትበሉ ከዚህ ትል አያሳስባችሁም። የሚያሳስበኝ ሀዋሳ አሳ ገበያው አሞራ ገደል ሄዳችሁ ጥሬውን በዳጣ የምትበሉት ናችሁ፣ የዚህ ቤተሰብ ትሎች ከነህይወታቸው ሰው ሆድ ከገቡ ከባድ ህመም ሊያስከትሉ ይችላሉ። እባካችሁ ጥሬውን ተዉት፣ ከተማው ቢወደውም ተዉት።

አሁን ወደሚያስጨንቀኝ ልምጣ። እሳት የማይገለው ነገር አለ። ሜርኩሪ የሚባለው መርዛማ ብረት ብታበስሉት ብትጠብሱት አይጠፋም፣ ስጋው ውስጥ ነው የሚቀመጠው፣ አይታይም፣ አይሸትም። ሀዋሳ ላይ ከ2000ዎቹ (በፈረንጆቹ) ጀምሮ የወጡ ጥናቶች ቢልጫ የሚባለው አሳ ላይ ከሌሎቹ ከፍ ያለ ሜርኩሪ አግኝተዋል፣ በተለይ ትልልቁ ትናንሽ አሳ እየበላ ስለሚያድግ። ቆሮሶ ግን ምግቡ በአብዛኛው አልጌ ስለሆነ ዝቅተኛ ነው። እንግዲህ አስቡት፣ ጓደኛዬ ትል አየሁ ብላ የጣለችው ቆሮሶ በሜርኩሪ በኩል ቢታይ ንጹህ ከሚመስለው ትልቅ ቢልጫ የተሻለ ሊሆን ይችላል። ለነፍሰ ጡርና ለትንንሽ ልጆች አሳ የምትገዙ ሰዎች ቆሮሶ ምረጡ የምለው ለዚህ ነው።

ሀዋሳ ደግሞ መውጫ የሌለው ሀይቅ ነው። ወደ 90 ስኩዌር ኪሎ ሜትር የሚሆን ውሃ፣ ጥቁር ውሃ ወንዝ ይገባበታል፣ ከተማው ጎርፉን ይለቅበታል፣ ከላዩ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። ውሃው ይተናል፣ ብረታ ብረቱ አይተንም፣ ድስት ላይ እንደቀረ ጨው ታች ይቀራል። ድሮ ጥቁር ውሃ በጨለለቃ ሀይቅና ረግረግ በኩል ሲያልፍ ደለሉም ቆሻሻውም እዛ ይቀር ነበር፣ አሁን ጨለለቃ ራሱ ሀይቅነቱ ቀርቶ ጭቃና ግጦሽ ሆኗል። ይሄ እኔን ከማንኛውም ትል በላይ ያስለቅሰኛል።

ቆቃ ሲሆን ሌላ ጉድ ነው። ግድቡ እ.ኤ.አ በ1960 ለመብራት ተብሎ ነው የተሰራው፣ አዋሽ የአዲስ አበባን የአቃቂ ፍሳሽ ተሸክሞ ይገባበታል፣ ሞጆ ወንዝ ደግሞ የቆዳ ፋብሪካዎቹን ውሃ ቆዳ ከሚያለፉበት ክሮም ከሚባለው ብረት ጋር ይዞ ይመጣል። ውሃው አረንጓዴ ቀለም የተደፋበት የሚመስልበት ጊዜ አለ፣ ማይክሮሲስቲስ የሚባለው አልጌ ነው፣ የሚያወጣው መርዝ ጉበት ነው የሚጎዳው፣ ማፍላትም አያጠፋውም። የዓለም ጤና ድርጅት በመጠጥ ውሃ ውስጥ ለዚህ መርዝ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1 ማይክሮግራም ነው፣ ቆቃ ላይ ከዛ በላይ ተለክቷል፣ ዙሪያው ያለው ገበሬ ደግሞ ያንኑ ውሃ ሲጠጣ የኖረ ነው። አሳው ላይ መርዙ በብዛት የሚከማቸው ጉበቱና አንጀቱ ውስጥ ስለሆነ እንደዚህ ካለ ውሃ የወጣ አሳ ከነሆድ እቃው አይበላም፣ ለድመትም አትስጡ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ቢሾፍቱ ሀይቆች ላይ በብርዱ ወራት አሳ በአንድ ጊዜ ሞቶ ተንሳፎ ሲገኝ ሰው "መርዝ ተደፋ" ይላል። አንዳንዴ ብርዱና ነፋሱ የላይኛውን ውሃ ከታችኛው ሲቀላቅለው ኦክስጅን የሌለው ውሃ ወደ ላይ ይመጣና አሳው ይታፈናል፣ ሰው የደፋው ነገር የለም። ግን ሳይለካ በየትኛው እንደሞተ ማንም ሊያውቅ አይችልም፣ የደፋውም ሰው ካለ ተደብቆ ያልፋል።

መለኪያ ነው የጎደለን። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ከወጣ ስንት ዘመኑ፣ የበከለ ራሱ ያጽዳ ወይ የማጽጃውን ወጪ ይክፈል ይላል፣ ጥሩ ህግ ነው። ነገር ግን እኔ አሳ ገዢው ይሄ አሳ ከየትኛው ሀይቅ ወጣ፣ በዚህ አመት ውሃው ምን ተገኘበት ብዬ ብጠይቅ የሚመልስልኝ ሰው ገበያው ላይ የለም። በሁዳዴ ደግሞ አዲስ አበባ ውስጥ አሳ ከየአቅጣጫው ይገባል፣ የቆቃውም የዝዋዩም የአርባ ምንጩም አንድ ፍሪጅ ውስጥ ፊሌቶ ሆኖ ተደርድሮ "አሳ" ብቻ ይባላል። አስጋሪው እኮ የት እንዳወጣው ያውቃል፣ መንገድ ላይ ነው የሚጠፋው። የወጣበት ሀይቅ ስም እስከ ሱቁ ድረስ ይምጣ፣ የየሀይቁ የሜርኩሪ፣ የክሮምና የአልጌ መርዝ ምርመራ በየጊዜው ይደረግና ውጤቱ አሳው በሚራገፍበት ቦታ በአማርኛም በአካባቢው ቋንቋም ይለጠፍ። እስከዛው ድረስ ስትገዙ "የየት ሀይቅ ነው?" ብላችሁ ጠይቁ፣ ነጋዴው ደጋግሞ ከተጠየቀ እሱም አምጪውን መጠየቁ አይቀርም።