ፈረሱን የሚደርስበት ካሜራ

የዕቁቡ ዕጣ ወጣልኝ። ገንዘቡ ለምን እንደሚውል ድሮም የታወቀ ነው፦ ለካሜራ። የትኛው ካሜራ የሚለው ግን ቀላል አልሆነልኝም። ማታ ማታ ጋደም ስል የማስበው እሱን ነው። ዛሬ የደብረ ብርሃን ብርድ ከቤት አላስወጣ ስላለኝ የደረስኩበትን ልጻፈው ብዬ ተቀመጥኩ።

ማንሳት ከምፈልገው ውስጥ ቆሞ የሚጠብቀኝ የለም። የጥምቀት ሰሞን የጉግስ ፈረሶች አሉ። በመንዝ ደጋ ያለው ጓሳ ላይ በገደሉ አፋፍ የሚባረሩ ጭላዳዎች አሉ። ፀሐይ ሳይወጣ አስፋልት ዳር የሚሮጡት የሰፈራችን ልጆች አሉ። የስልኬ ካሜራ ለቆመ ሰው ጎበዝ ነው፤ ለሰርግም ለክርስትናም አገልግሎኛል። ፈረስ ግን ከአቅሙ በላይ ነው። እኔ ደግሞ ፈረሰኛው ኮርቻው ላይ ብድግ ብሎ ዘንጉን ሲወረውር ፊቱ ላይ ያለውን ነገር ነው የምፈልገው። ያንን ፊት ሜዳው ላይ ቆሜ በዓይኔ አይቼዋለሁ። በፎቶም እንዲቀር እፈልጋለሁ።

ስለዚህ ሂሳቡን ከፈረሱ ጀመርኩ። አንድ ፈረስ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ይጋልባል እንበል። በሰከንድ 11 ሜትር ማለት ነው። ሹተሩ፣ ማለትም ተከፍቶ ብርሃን የሚያስገባው የካሜራው መጋረጃ፣ ለ1/250 ሰከንድ ከተከፈተ ፈረሱ በዚያች ጊዜ ከ4 ሳንቲ ሜትር በላይ ይሄዳል። የፈረሰኛው ዓይንና ቅንድብ ይደባለቃሉ። በ1/1000 ከሆነ 1 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ዘንጉ ከፈረሱም ስለሚፈጥን ለሱ 1/2000 ይሻላል። ቀጥሎ በሰከንድ ስንት ፎቶ የሚለው ይመጣል። 5 ብቻ የሚያነሳ ካሜራ ከሆነ በአንዱ ፎቶና በሚቀጥለው መካከል ፈረሱ ከሁለት ሜትር በላይ ተጉዟል። ዘንጉ ጋሻው ላይ የሚያርፈው እዚያ መሃል ሊሆን ይችላል። 10 የሚያነሳ ከሆነ ክፍተቱ ወደ አንድ ሜትር ይወርዳል።

ይህን ካሰላሁ በኋላ ሜጋፒክስል የሚባለው፣ ፎቶው ስንት ሚሊዮን ነጥብ እንዳለው የሚናገረው ቁጥር፣ ልቤን አልሳበውም። ስልክ ደውዬ የጠየቅኩት አንድ ሻጭ ግን ከሱ ሌላ ወሬ አልነበረውም። 20ም ሆነ 24 ሜጋፒክስል ለትልቅ ህትመት ይበቃል። የሚቸግረው ፎከሱ ነው። ወደ ካሜራው በቀጥታ የሚመጣ ፈረስ ርቀቱ በየቅጽበቱ ይለዋወጣል፤ ፎከሱ ሳያቋርጥ መከተል አለበት። አቧራ ሲነሳ፣ ሌላ ፈረሰኛ በፊት ለፊት ሲያልፍ፣ የመጀመሪያውን ሳይለቅ መቆየት አለበት። እኔ ገንዘቤን የምሰጠው ለዚህ ነው።

እዚህ ከተማ ብዙ ዘመን ሰርግ ሲያነሱ የኖሩ አንድ ሰው አሉ። ሱቃቸው ሄጄ፣ "ጋሼ፣ የትኛውን ቦዲ ልግዛ?" አልኳቸው፤ ቦዲ የሚባለው ሌንስ ያልገባበት ካሜራው ራሱ ነው።

"እሱን ተወውና ስንት ሜትር ርቀህ እንደምትቆም ንገረኝ" አሉኝ።

ይህን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም ነበር። በጉግስ ሜዳ ተመልካቹ ዳር ይይዛል፤ መሃል መግባት ለፈረሱም ለሰውም አደጋ ነው። ጓሳ ላይ ጭላዳው ሳር እየነጨ በዝግታ ከቀረቡት ብዙም አይሸሽም። ቀይ ቀበሮ ግን ሌላ ነገር ነው። አይጥ ለመያዝ አድብታ ስትዘል ለማንሳት ከሩቅ ሆኖ መጠበቅ የግድ ነው። ከካሜራ ጋር ተያይዞ የሚሸጠው 18–55 ሚሊ ሜትር ሌንስ ሩቁን ስለማያቀርብ እዚያ ምንም አይሰራም። ጋሼ እንደመከሩኝ ከገንዘቡ ግማሹን ለሌንስ መደብኩ።

ቁጥሩ በጨመረ መጠን ሌንሱ ሩቁን ያቀርባል፤ ለኔ ቢያንስ እስከ 300 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ያስፈልገኛል። ሴንሰሩ፣ ማለትም ብርሃኑን የሚቀበለው ክፍል፣ አነስ ያለ ኤፒኤስ-ሲ የሚባል ካሜራ ላይ ሲገባ እይታው ወደ 450 ይጠጋል። ለእንደኔ አይነቱ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። የብርሃኑ ነገር ግን ያሳስበኛል። ጭላዳዎቹ ሌሊቱን ገደል ውስጥ አድረው ጠዋት ወደ ሜዳው ሲወጡ ነው ወንዶቹ የሚባረሩት። ያኔ ብርሃኑ ገና ነው፤ ጎፈራቸውም ጥቁር ቡናማ ነው። ኤፍ የሚባለው ቁጥር ሲያንስ የሌንሱ ቀዳዳ ይሰፋል፤ ኤፍ 2.8 ሌንስ ከኤፍ 5.6 ሌንስ አራት እጥፍ ብርሃን ያስገባል፤ ዋጋው ግን የማይታሰብ ነው። ስለዚህ አይኤስኦውን፣ ማለትም ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት፣ ከፍ አድርጌ ትንሽ ሻካራነት እቀበላለሁ። ሻካራ ሆኖ የጠራ ዓይን ያለው ፎቶ ለኔ ይበልጥብኛል።

በመጨረሻ ሦስት ካሜራዎች ቀሩ። ካኖን አር7 በ2022 የወጣ ሚረርለስ፣ ማለትም ውስጡ መስታወት የሌለው ካሜራ ነው፤ በሜካኒካል ሹተር በሰከንድ 15 ያነሳል፣ የእንስሳ ዓይን ፈልጎ ይይዛል። እሱን ከገዛሁ ግን ለሌንስ የሚተርፍ የለም። ሶኒ ኤ6400 ትንሽና ቀላል ነው፤ በሰከንድ 11 ያነሳል። ልቤ ወደሱ አዘንብሎ ነበር። ያስቆመኝ ባትሪው ነው። በፋብሪካው መለኪያ በቪውፋይንደሩ፣ ዓይን በሚደገፍበት ማያ፣ እያዩ ቢያነሱ 360 ፎቶ ገደማ ነው የሚሰጠው። ሚረርለስ ላይ ቪውፋይንደሩ ራሱ ስክሪን ስለሆነ ሳያነሱ እያዩ ብቻ ቢቆዩም ባትሪ ይበላል። የኔ ስራ ደግሞ አብዛኛው ማየትና መጠበቅ ነው።

ጓሳ ከ3,200 ሜትር በላይ ነው። ንጋት ላይ ሳሩ ውርጭ ይይዛል። የሊቲየም ባትሪ በብርድ ጉልበቱ ይቀንሳል። መለዋወጫውን ጋቢ ስር፣ ከደረቴ አጠገብ ይዤ እያፈራረቅኩ ልጠቀም እችላለሁ፤ ያም ሆኖ ቻርጅ ማድረጊያ መብራት በማይገኝበት ቦታ ማደር አለ።

ሦስተኛው ያገለገለ ኒኮን ዲ500 ነው። በ2016 የወጣ ነው፤ ኒኮን አሁን አያመርተውም። በሰከንድ 10 ያነሳል። 153 የፎከስ ነጥቦቹ ፍሬሙን በአግድም ከዳር እስከ ዳር ሊሸፍኑት ምንም አይቀራቸውም። ባትሪው በዚያው መለኪያ 1,240 ፎቶ ነው። ቪውፋይንደሩ የመስታወት ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ባይበት ባትሪው ብዙም አይነካም። አቧራና ጠል እንዳይገባው ተደርጎ የተሰራ ነው፤ የጥርን አቧራ ለሚያውቅ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ከ70–300 ሌንስ ጋር አንድ ኪሎ ተኩል ገደማ ይመዝናል፤ ዳገት ይዤው እወጣለሁ። አንድ ችግር አለው። ከሁለቱ የካርድ ቦታዎች አንዱ የሚቀበለው ኤክስኪውዲ የሚባል ውድ ካርድ ነው። ሌላው ኤስዲ ስለሚወስድ ለጊዜው በፈጣን ኤስዲ እሰራለሁ።

የእንስሳ ዓይን ለይቶ መያዝ አይችልም። ይህ በእውነት ይቆጨኛል። ነጥቡን ራሴ ፊቱ ላይ አድርጌ መከተል ይኖርብኛል፤ እሱን ለመልመድ በየጠዋቱ የሚሮጡት ልጆች አሉልኝ። ፈቃደኞች ናቸው፤ ፎቶውን ላኩልን እያሉ አስቀድመው ጠይቀውኛል።

ወስኛለሁ፤ ዲ500 ነው። ቅዳሜ አዲስ አበባ ወርጄ አየዋለሁ። ሹተሩ 200,000 ጊዜ እንዲሰራ የተፈተነ ስለሆነ፣ ስንት እንዳነሳ ከፎቶው ፋይል ላይ አረጋግጣለሁ። የሌንሱን መስታወት በስልክ መብራት አያለሁ፤ ሻጋታ ካለበት አልወስደውም። የባትሪ ክዳኑንና የካርድ በሩን እከፍታለሁ። ከዚያ ሻጩን አስፈቅጄ ከሱቁ ደጃፍ እወጣና ወደ እኔ በሚመጡ ታክሲዎች ላይ ፎከሱን እሞክራለሁ፤ ደጋግሜ፣ በ1/1000። ታርጋቸው በተከታታይ ፎቶዎች ላይ የሚነበብ ከሆነ እከፍላለሁ። ካልሆነ ገንዘቤን ይዤ ተመልሼ ሌላ እፈልጋለሁ፤ ጥምቀት ገና ነው።